የኦቦ ገመቹ መሰላል

በሕይወቴ ያለ አንዳች እንከን የጨረስኩት ሥራ አንድ ብቻ ነው። እሱም እናቴን ሊገድላት ነበር።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ጌዶ ከተማ ነው። ያኔ አምቦ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ጠመኔ አንስቼ «ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ምን ይፈጠራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እጁን የሚያወጣ ተማሪ ስለማይገኝ መልሱን ራሴው ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ፈተና ላይ አመጣዋለሁ፤ ይወድቁበታል፤ እበሳጫለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ ቤቴ ተቀመጥኩ። ደመወዝ ይገባል፣ ሥራ የለም። መጻሕፍቴን በቁመታቸው ደረደርኳቸው፤ በማግስቱ በቀለማቸው ደረደርኳቸው። ሚስት የለኝም፣ ስለዚህ «አረፍ በል» የሚለኝ አልነበረም። በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ አራት በሮች አሉ። ከአራቱ የአንዱን ነዋሪ እንኳን ስም አላውቅም ነበር። «እንደምን አደሩ» ተባብለን እንተላለፋለን፤ ለእኔ ጨዋነት ማለት ይኸው ነበር።

እናቴ ወይዘሮ የሺ የምትኖረው ጌዶ፣ አባቴ በገዛ እጁ በሠራው ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው። አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ጌዶ ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ የታጠበ ልብስ ለሦስት ቀን አይደርቅም፣ ሰው ቤት ውስጥ ጋቢውን ሳያወልቅ ይውላል። ባለፈው ክረምት እናቴን ብርድ መቷት የሳንባ ምች ሆነባትና ሁለት ሳምንት ተኛች። እህቴ ሙሉነሽ ያን ጊዜ አስታማ ያዳነቻት ስለሆነ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን አላት። የምትኖረው እጃጂ ነው፤ እዚያ ሞቅ ይላል፣ ስለዚህ ጌዶን እንደ በረዶ ቤት ነው የምታየው።

«ዘንድሮ እማዬ እዛ ቤት አትከርምም» አለችኝ በስልክ። «ወይ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ወይ አንተ ጋ አምቦ ትወርዳለች።»

«እሺ ካለች።»

«እሷን ማን ጠየቃት?»

እኔ ጠየቅኋት። «ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በሁለቱ መካከል አስታራቂ ሆንኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጌዶ ሄጄ ቤቱን ክረምት ሳይገባ አንድ በአንድ እደፍነዋለሁ። እናቴ ካልሳለች እዚያው ትከርማለች፤ ከሳለች ሐምሌ ላይ አምቦ ይዣት እወርዳለሁ። እህቴ «ትስላለች» ብላ ተስማማች። እናቴ «አልስልም» ብላ ተስማማች። እኔ ደግሞ ወደ ሦስት ወር ሥራ ፈትቼ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ምስማር የምመታበት ነገር በማግኘቴ ብቻ ደስ አለኝ።

ከአምቦ ምስማር፣ ካትራሜ፣ አንድ ጥቅል ላስቲክና አዲስ የበር መቀርቀሪያ ገዝቼ ተነሳሁ። መቀርቀሪያው ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ወፍራሙ ነበር። ሚኒባሱ በወንበር አንድ አንድ ሰው ነው የጫነው። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ከአምቦ እስከ ጉደር ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ሲያስል ነበር። እሱንም ያዙልኝ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ድሮ የምትቀበለኝ ጉንጬን ስማ ነበር፤ ያን ቀን ግን በክርኗ ክርኔን ነካችኝና ሳቀች። ቤቱ እንዳለ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከኋላው ግድግዳ አናትና ከቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ልጅ ሆነን በዚያ ክፍተት ነፋስ እየገባ ሲያንቀጠቅጠን አባቴ «ጋቢ ጨምሩ» ከማለት በቀር ምንም አድርጎለት አያውቅም።

የእናቴ ጎረቤት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ደከም ስላለ አጥራቸውንና ዕቃቸውን ይጠብቃሉ። ዕቃ ላይ ቀልድ አያውቁም። ዶማቸው፣ መጥረቢያቸው፣ ባልዲያቸው፣ ሁሉም ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገዋል። እናቴ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ቀይ ቀለም ነው። በር ሥር ቀይ ዶማ፣ ከአልጋው ሥር ቀይ መጥረቢያ፣ ማድ ቤት ቀይ ባልዲ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ወንፊት።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ፎጣቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው መጡና ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ።

«አከም ጅርቱ ወይዘሮ የሺ? ደህና አደሩ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ደህና። ዶማዬን ጨረሱ?»

«ነገ።»

«ቦሩ ነን ዱፋ» አሉ፤ ነገ እመጣለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በርሲሳ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ። በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ከዚያ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ሲሄዱ እናቴን ያዝኳት። እናቴ የሰው ስኒ አንድ ቀን የማታሳድር ሴት ናት፤ እንዲህ መሆኗ ግራ ገባኝ።

«እማዬ፣ በዶማው ምን እየቆፈርሽ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አትመልሽላቸውም?»

«ነገ» አለች።

አፈርኩ። አፈርኩና ሌላ ዕቃ ተዋስኳቸው፤ መሰላላቸውን። ያለ መሰላል ጣሪያ አይደረስም። ረጅም የባሕር ዛፍ መሰላል ነው፣ ሁለቱም እግሮቹ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ሲሰጡኝ እንደ ልጃገረድ አባት አደራ ብለው ነው የሰጡኝ።

አምስት ቀን ሠራሁ። የጣሪያውን የምስማር ቀዳዳ ሁሉ በካትራሜ ደፈንኩ። ቤቱን ዙሪያውን ቦይ ቆፈርኩለት፤ እግረ መንገዱን ዶማው ሥራ አገኘ። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቼ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም መረግኩት። የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሬ ኮርኒስ ሰፋሁ። የበሩን ጠርዝ በጎማ ቁራጭ ከበብኩትና አዲሱን መቀርቀሪያ ገጠምኩ። መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኜ ከውስጥ ሁለት ጣውላ መታሁበት፤ በያንዳንዱ ጣውላ አሥራ አራት ምስማር። ምስማሩን ስመታ ሬዲዮኑ «መስኮት ይክፈቱ፣ አየር በቤትዎ እንዲዘዋወር ያድርጉ» ይላል። እናቴ ሬዲዮኑንም እኔንም አየችን።

«እሱ ለአዲስ አበባ ሰው ነው» አልኳት።

በአምስተኛው ቀን የቀረኝ የአባቴ ክፍተት ብቻ ነበር። እናቴ ጓሮ መጥታ የመሰላሉን እግር ያዘችልኝ።

«ታዬ፣ ይኼን እንኳን ባትደፍነው።»

«ለምን?»

«አባትህ የተወው ነው።»

«ረስቶት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«ሰው ይረሳል እማዬ።»

ከረጢቱን ጠቅጥቄ ጭቃ ለበጥኩበት። ኦቦ ገመቹ በአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «በርሲሳ፣ ቤቱን አነቅከው እኮ» አሉኝ።

«ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው ኦቦ ገመቹ። መውጫውን ከዘጋንበት እዚሁ ይቀራል።»

«በዚያ የሚወጣው ሙቀት ብቻ ነው?»

ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ውጤቱን እጨምርለት ነበር። ኦቦ ገመቹን ግን ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። ሥራውን ስጨርስ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሻማ ለኮስኩ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። «ተሸንፈሻል» ብዬ ጻፍኩበት።

በስድስተኛው ቀን ክረምቱ መጣ። ከምሳ በፊት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ዶፍ ወረደ፣ ቀጥሎ በረዶ። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እናቴ የምትለውን ከከንፈሯ ነበር የማነበው። ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም፣ አንዲት ነፋስ አልነካችንም። ኮራሁ። በአባቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ።

እናቴ ከሰል የምታያይዘው ሁልጊዜ ደጅ ነው። ማድ ቤቱ አጠገብ ታስቀምጠውና ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ነጭ አመድ ከለበሰ በኋላ ነው ማንደጃውን አንጠልጥላ የምታስገባው። ያን ቀን ደጁ በረዶ ነበር። «እዚሁ ላያይዘው» አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ማንደጃ ይነድ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ጨመርኩ። እህቴ ከእጃጂ በጆንያ የላከችው ደረቅ ከሰል ነው፣ ቶሎ ይይዛል። ትንሽ ዓይናችንን ለበለበንና ጭሱ ጠፋ። ቤቱ ሞቀ። እናቴ ጋቢዋን አወለቀች። ጌዶ ላይ፣ በሰኔ ዝናብ፣ ጋቢ ማውለቅ!

ከዚያ ድመቷ በሩን መቧጠጥ ጀመረች። የእናቴ ድመት ክረምቱን የምታሳልፈው ማንደጃ ሥር ነው። ከፈትኩላት፤ በረዶው እየወረደ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «ለየላት» አልኩና በሩን ዘጋሁ።

«ራሴን አመመኝ» አለች እናቴ ትንሽ ቆይታ። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ነጭ ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። ራስ ምታት ብርቅ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ የእኔም ጀመረኝ። ግንባሬን በመዶሻ የሚመታኝ ነገር ሆነ። ቀጥሎ አቅለሸለሸኝ። እናቴን ሳያት ሽንኩርቱን ከነቢላው አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ከድናለች።

«እማዬ?»

«ልተኛ ትንሽ። አቅም አጣሁ።»

እዚህ ላይ የተማረ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ላሳያችሁ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሰዓት፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ ሲያስል የነበረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ቀን ቆጠርኩ፤ ሰባት ቀን። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ኮሮናን ከአምቦ ተሸክሜ አምጥቼ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ። ቀልቤ ተገፈፈ። ያለፈው ዓመት ሳንባዋ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

ግን መምህር ነኝ፤ ኃላፊነት አለብኝ። ጎረቤት እንዳይያዝ አዲሱን መቀርቀሪያ ቆለፍኩ። በበሩ ሥር ፎጣ ወተፍኩ። ታማሚ ደግሞ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ማንደጃውን ወደ እናቴ አስጠጋሁና ከሰል ጨመርኩበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። በእጄ ነው የጨመርኩት።

በሩ ተንኳኳ።

«ወይዘሮ የሺ! አከም ጅርቱ?»

ግድግዳውን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። 

«ኦቦ ገመቹ፣ አይቅረቡ!»

«መሰላሌን ፈልጌ ነው። ንፋሱ ቆርቆሮዬን ገለበጠው፣ ውሃ ቤቴ እየገባ ነው።»

«ጓሮ ነው ያለው፣ ይውሰዱት።»

«ወይዘሮ የሺ ‹ነገ› ነው ያሉኝ። ልጠይቃቸው እንጂ።»

ኦቦ ገመቹ እንዲህ ናቸው። የራሳቸውን ዕቃ እንኳን ሳያስፈቅዱ ከሰው ግቢ አያነሱም።

«ተኝታለች። አሟታል፣ እኔንም አሞኛል። ኮሮና ነው። ይሂዱ፣ እንዳይዝዎት።»

 የሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ድምፃቸው እንደገና መጣ፣ አሁን ከበሩ ሥር።

«ሁለታችሁንም?»

«ሁለታችንንም።»

«መቼ ጀመራችሁ?»

«አሁን። ከምሳ በኋላ።»

«ሁለቱንም፣ ከምሳ በኋላ» አሉ ለራሳቸው። «ከሰል አለ?»

«አለ።»

«ድመቷ በረዶ ላይ ተቀምጣ ምን ታደርጋለች?»

ዞሬ ማንደጃዎቹን አየሁ።

«በርሲሳ፣ ከጠዋት ጀምሬ ይህን ቤት እያየሁ ነው። እሳት ይነድዳል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ማሎ፣ እባክህ ንገረኝ፣ ጭሱ የት ገባ?»

ያኔ ሰሌዳው ታየኝ። ጠመኔው፣ ጥቅምት፣ የእኔው የእጅ ጽሕፈት። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሦስቱንም ከሥሩ አሰምርበታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ፈልጌ፣ እጃቸውን ያወጡት ኦቦ ገመቹ ሆኑ።

መቀርቀሪያውን ያዝኩ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ወፍራም ነው ብዬ የገዛሁት መቀርቀሪያ ነው። ጉልበቴ ከዳኝና በሩ ሥር ተዘረርኩ።

«በልበለ በኒ! በሩን ክፈት በርሲሳ!»

«አልቻልኩም።»

«ወይዘሮ የሺስ?»

ዞሬ አየኋት። አፏ ገርበብ ብሏል። ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። ፊቷ ቀልቷል፤ ደህና ሰው ትመስላለች፣ ሞቋት የተኛች ሰው። እዚያ በሩ ሥር ተዘርሬ የተሰማኝን በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ለራሴ ፈጽሞ አልፈራሁም፣ ለእሷ ግን እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዳኸሁ፤ ሁለት ክንድ ሄጄ አቃተኝ።

የኦቦ ገመቹ እርምጃ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ። «ሄዱ፣ አለቀልን» አልኩ።

የሄዱት ጓሮ ነበር። በር የሚሰብሩበት ዶማ እኛ ቤት ነው። መጥረቢያቸውም እኛ ቤት ነው። ቀይ ምልክት ካለው ዕቃቸው ሁሉ ውጭ የቀረው መሰላሉ ብቻ ነበር። በሰባ ዓመታቸው፣ በበረዶ ውስጥ፣ መሰላሉን ብብታቸው ሥር አድርገው መስኮቱን መቱት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ጣውላዬ አልተነቃነቀም። በየምቱ መካከል እኔ የማስበው ስለ ምስማሩ ነበር። በያንዳንዱ ጣውላ አሥራ አራት! አምስት ምን ነበረበት?

በአራተኛው ምት መሰላሉ ተሰበረ፣ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ኦቦ ገመቹ አንድ የማልደግመው ነገር በኦሮምኛ ተናገሩ። ከዚያ በግማሹ መቱት። ጣውላው ከነምስማሩ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ላስቲኩ ተቀደደ፣ ብርድ ገባ። ስድስት ቀን ሙሉ የተዋጋሁት ብርድ ፊቴን ሲመታኝ አፌን ከፍቼ ጠጣሁት።

ኦቦ ገመቹ በመስኮቱ እንዴት እንደገቡ እስካሁን አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም። መቀርቀሪያውን ከፈቱት፣ ማንደጃዎቹን በእግራቸው ወደ ደጅ ገፉ፣ እናቴን በትከሻቸው አደረጓት። «ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» ብላ ነበር፤ ቃሏ ደረሰ። ከኋላቸው እየዳኸሁ ወጣሁ። ጭቃው ላይ አስተኝተዋት ፎጣቸውን ከፊታቸው ፈትተው ግንባሯን ይጠርጋሉ። ትተነፍሳለች፣ ግን አትነቃም። «እማዬ» አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። ከዚያ በላይ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ባጃጅ ተጠራ። ሾፌሩ ሁለታችንን ሲያይ ወደኋላ አለ።

«ኮሮና ናቸው እንዴ?»

«ከሰል ነው! ንዳ!» አሉት ኦቦ ገመቹ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ በመሣሪያ ግንባራችንን ለኩን፤ ትኩሳት የለም። እናቴን አስገብተው ኦክስጅን አደረጉላት። ለእኔም አደረጉልኝ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። መዝገብ ይዛ መጣች።

«መስኮት ተከፍቶ ነበር?»

«አልነበረም።»

«በር?»

«ተቆልፏል።»

«ከጣሪያው በታች አየር የሚወጣበት ነገር አልነበረም?»

«ነበር። ደፈንኩት።»

መጻፏን አቆመችና ትኩር ብላ አየችኝ።

«ቲቸር ታዬ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ኦክስጅኑን ሰበብ አድርጌ።

«ጫልቱ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል አስተምረኸኛል። ይኼን ጥያቄ እኮ ፈተና ላይ አምጥተኸው ነበር።»

«መለስሽው?»

«ተሳሳትኩ።»

«እኔም» አልኳት።

እናቴ ለአንድ ሰዓት ያህል አልነቃችም። ያችን ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኳት። ኦቦ ገመቹ ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቤ ተቀመጡ። ቤታቸው ቆርቆሮው ተገልብጦ ዝናብ ይወርድበታል፤ ነገርኳቸው። «ዝናብ ይደርቃል» አሉኝ። አንድም ጊዜ «ብዬህ አልነበር» አላሉም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እሳቸውን ነው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልንላት።

«መሰላሉን... ፈለጉት እንዴ?» አለች።

«ተሰበረ ወይዘሮ የሺ።»

«ነገ እናሠራለን» አለችና እንደገና ተኛች። እኔ ወጥቼ ጤና ጣቢያው ጓሮ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳሁም።

በሦስተኛው ቀን ቤት ገባን። እህቴ ከእጃጂ በርራ መጣችና መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ቀጥሎ ያችን የሻማ ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ። ከሥሩ የጻፍኩትን «ተሸንፈሻል» በጣቷ ነክታ ስልኩን አጠፋችው። በተረፈው የመሰላሉ ግማሽ ላይ ወጥቼ የኦቦ ገመቹን ቆርቆሮ መታሁላቸው። የአባቴን ክፍተት በጣቴ እየቧጠጥኩ ከፈትኩት። ከጭቃው ሥር የአባቴ እጅ ሥራ ወጣ፤ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ተስተካክሏል። የረሳ ሰው ጠርዝ አያስተካክልም። እዚያው ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ለኦቦ ገመቹ አናጺ ዘንድ አዲስ መሰላል አሠራሁላቸው፣ እግሮቹን ራሴ ቀይ ቀለም ቀባሁላቸው። ተሸክሜ ወደ አጥራቸው ስሄድ እናቴ ከደጃፉ ጠራችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልመልስላቸው ነዋ።»

«እዚህ አስቀምጠው። ነገ።»

ያኔ አልቻልኩም። «እማዬ፣ ሰውዬው ነፍሳችንን አትርፈው ዕቃቸውን እንኳን አንመልስላቸውም?» አልኳት።

እናቴ እንደ ሰነፍ ተማሪ አየችኝ።

«አባትህ ሲሞት» አለች፣ «አርባው ካለፈ በኋላ ማንም አይመጣም ነበር። ኦቦ ገመቹም ብቻቸውን ናቸው፤ ሚስታቸው ከአባትህ በፊት ነው የሞተችው። ‹ልጠይቅዎት› ብለው እንዳይመጡ እኔ ሴት ነኝ፣ ሰው ያወራል። አንድ ቀን ወንፊታቸውን ተውሼ ረሳሁት። በማግስቱ መጡ። ‹ነገ› አልኳቸው። በማግስቱም መጡ። ቡናም አልጠጡ፣ አልተቀመጡም፤ ደህና ማደሬን አይተው ሄዱ። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሰባት ዓመታችን ነው።»

መሰላሉን ከጓሮው ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት።

እህቴ ሐምሌ ላይ «ታዲያ አምቦ ትወርዳለች?» ብላ ስትጠይቀኝ «አትወርድም» አልኳት። «ለምን?» አለች። አምቦ ያለኝን ግቢ አሰብኩ፤ አራቱን በሮች። እናቴ እዚያ ከሰል ብታያይዝ፣ ከቤቴ የሚወጣ ነገር መጥፋቱን የሚያይልኝ ማን ነበር? እኔ ራሴ ሦስት ቀን ከቤት ባልወጣ የሚያንኳኳ ማን ነበር? መልሱ «ማንም የለም» ነበር፣ እና ያን ያህል ዓመት ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ኖሬአለሁ። እናንተዬ፣ ያ ቀን ያስተማረኝ ይኼን ነው። ቤቴን ደፍኜ መኖሬን ያየሁት የእናቴን ቤት ስደፍን ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼን ሳይሆን እናንተን ላስቸግር። ግድግዳችሁን ምረጉ፣ ጣሪያችሁን ድፈኑ፣ ልጆቻችሁን አሙቁ። ግን ከሰሉን ደጅ አያይዙት፣ ከገባም በኋላ አየር መግቢያና መውጫ ተዉለት፣ ተኝታችሁም አጠገባችሁ አታሳድሩት። ራስ ምታት ሁላችሁንም በአንድ ሰዓት ከያዛችሁ ስለ በሽታው ሳትመራመሩ በሩን ክፈቱና ውጡ። ድመታችሁ ከወጣች ተከተሏት። ጥቅምት ላይ አሁን ይህን ታሪክ ነው የማስተምረው፤ ከዚያ ወዲህ ፈተና ላይ የተሳሳተ ተማሪ የለኝም።

እናቴ ደህና ናት። ክረምቱን በጋቢዋ፣ በአባቴ ክፍተት ሥር ታሳልፋለች፤ አንዳንድ ጊዜ ትስላለች፣ ለእህቴ አንነግራትም። ኦቦ ገመቹ በየጠዋቱ ይመጣሉ።

እኔም አምቦ እንደተመለስኩ በሳምንቱ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ስሙ ደረጀ ይባላል፤ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ስም ተላልፈናል። «መሰላል አለህ?» አልኩት። ነበረው። የራሴ መሰላል አለኝ፣ አልጋዬ ሥር ተኝቷል፤ ግን ተቀበልኩት።

ዛሬም ጠዋት እንደ ልማዱ ደጃፌ ላይ መጥቶ መሰላሉን ጠየቀኝ።

«ነገ» አልኩት።